ማለቂያውን ያላየሁት ፊልም

ባለቤቴን የዋሸኋት ቅዳሜ ጠዋት፣ በር ላይ ቆሜ ነው። «ቢቸና የፈተና አራሚዎች ስብሰባ አለብኝ፤ ማታ እገባለሁ» አልኳት። እሷ ልጃችንን ጭኗ ላይ አስተኝታ የሚመግለውን ጆሮዋን በጥጥ እያጸዳችላት ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «መንገዱ እንዲህ ሆኖ?» አለች። «ጠሩን እንግዲህ፤ ምን ላድርግ» አልኩ። ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። ልጄ ከእናቷ ጭን ላይ ሆና እጇን አወዛወዘችልኝ።

ስብሰባ አልነበረም። የምሄደው አንድ የፊልም ሳጥን ለመቀበል ነው። ውሸቱን ይበልጥ የሚያከፋው ደግሞ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ባለቤቴ ልጅቷን ባሕር ዳር ወስጄ ለጆሮ ሐኪም እንዳሳያት ስትለምነኝ ትምህርት ቤቱ ፈቃድ አይሰጠኝም ብያት ነበር። ፈቃድ ጠይቄ አልነበረም። በጦርነቱ ምክንያት መንገዱ አስፈርቶኝ ነው። ለሳጥኑ ሲሆን ግን አልፈራሁም።

እኔ ሞጣ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። የሳጥኑ ነገር የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ሳለን ነው። አንድ ክፍል አብሮኝ ያድር የነበረ የቢቸና ልጅ የጃፓን ፊልም ወዳጅ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን አልነበረም የሚወደው። በወጡበት ጊዜ ተመልካች አጥተው የተረሱ፣ ኋላ ግን ጥቂት ሰዎች በየአገሩ እንደ ጽዋ ማኅበር እየተጠራሩ የሚያዩአቸውን ነበር። እኔንም አስለመደኝ። ከእነዚያ ሁሉ አንደኛው ከልቤ አልወጣ አለ። ጥቁርና ነጭ ነው። በተራራ መንገድ ላይ በሚመላለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ትኬት ቆራጭ ሴት ትሠራለች። አንድ ቀን ካፖርት የለበሰ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ የያዘ ሰውዬ ይሳፈራል። መጨረሻው ፌርማታ ይደርሳሉ፤ አይወርድም። ትኬት ቆርጦ ይመለሳል። በማግስቱም አለ። በሦስተኛውም ቀን አለ። ክረምቱ ይገባል፣ በረዶ መንገዱን ይሞላል፣ ሰውዬው አይወርድም። በመጨረሻ ትኬት ቆራጯ ከመቀመጫው አጠገብ ትቆምና ልታናግረው አፏን ትከፍታለች። እኛ ያየነው ቅጂ እዚያ ላይ ይቆም ነበር። የተበላሸ ነው፤ የቀረው አሥር ደቂቃ አልነበረውም። ለአሥራ ስምንት ዓመት ያቺ ሴት አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ጓደኛዬ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ጃፓን ሄደ፣ እዚያው ሥራ ያዘ። በየጊዜው ለሰብሳቢዎች ተብለው የሚታተሙትን ሳጥኖች በሰው እጅ ይልክልኝ ጀመር። ያላያቸው ሰው ምኑ ነው ይህን ያህል ሊል ይችላል። ጠንካራ የካርቶን ሳጥን ነው፤ ከጀርባው ስንተኛው ቅጂ እንደሆነ ቁጥር ታትሞበታል። ውስጡ ዲስኮቹ፣ ፎቶ የሞላው ጥራዝ፣ ታጥፎ የተቀመጠ ፖስተር አለ። ሰባት ደርሰውልኝ ነበር። አሮጌ ላፕቶፔ ላይ አይቼ ስጨርስ ወደ ቆርቆሮ ሻንጣዬ እመልሳቸዋለሁ፤ እቆልፋለሁ። ባለቤቴ «ቅርስህ» ትላቸዋለች፤ ስድብም ቀልድም ይመስላል።

እና ያ የአውቶቡሱ ፊልም ታድሶ፣ ማለቂያው ተገኝቶ፣ ሙሉውን በሳጥን ታተመ። ጓደኛዬ ለዕረፍት በሚመጣ የሥራ ባልደረባው እጅ ላከው። ሰውዬው ጊዜ ስላጠረው ሳጥኑን ቢቸና፣ ጓደኛዬ እናት ቤት አስቀምጦት ሄደ። ይህን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ነው ባለቤቴን የዋሸኋት።

የጓደኛዬ እናት ቤት ከገበያው ከፍ ብሎ ነው። የመሪጌታ ባለቤት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፈጠን ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው። በር ላይ ሲያዩኝ ሊያቅፉኝ የዘረጉትን እጅ መልሰው አወረዱት። በኋላ ነው የገባኝ፤ ከሩቅ በአረማመዴ ልጃቸውን መስያቸው ነበር።

ሳጥኑ ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። እጄን ስዘረጋ «ቆይ፣ ቁጭ በል። ምሳ ሳትበላ ከቤቴ ልትወጣ ነው?» አሉኝ። ለምን እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ለእሳቸውም ያንኑ ስብሰባ ነገርኳቸው፤ ከስብሰባው ስወጣ ጎራ ያልኩ አስመሰልኩ። ለምን እንደዋሸኋቸው እስካሁን አላውቅም። አንድ ጊዜ ከተናገሩት በኋላ ለሁሉም ሰው መናገር ይቀላል መሰለኝ።

እየበላሁ ሳለ ከሩቅ የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ቆየና ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ጠፋ። እጄን ታጥቤ ወደ መናኸሪያ ሮጬ ስደርስ ግቢው ውስጥ አንድም መኪና አልነበረም። ዘበኛው ወንበሩን ወደ ጥላ እየጎተተ «ዛሬ የለም» አለኝ። «ነገስ?» አልኩት። «ነገን ነገ እናያለን።» ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ሳጥኑን ልይዝበት ያመጣሁትን ቦርሳ ባዶውን እንደያዝኩ ወደ ጓደኛዬ እናት ቤት ተመለስኩ።

ሰላሳ አራት ቀን ቢቸና ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ መናኸሪያ እሄድ ነበር። ዘበኛው ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔም ሳልጠይቀው እመለሳለሁ። አንድ ቅያሪ ልብስ አልያዝኩም። በአራተኛው ቀን የጓደኛዬ እናት፣ እማማ ነው የምላቸው፣ ከቁም ሳጥን የልጃቸውን ሱሪና ሹራብ አወጡልኝ። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀረ። ብብት የሚይዘውን ሹራብ አጥልቄ በልጃቸው አልጋ ላይ፣ የልጃቸው የምስክር ወረቀቶች ከተሰቀሉበት ግድግዳ ሥር እተኛለሁ። በቤቱ ሁለት ክፍሎች ተመላለስኩ። ከአልጋው እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ነው፤ ከበሩ እስከ አጥሩ አሥራ አንድ። ከአጥሩ ውጭ የት እሄዳለሁ? የማውቀው ሰው የለም። ሱቆች የበራቸውን ግማሽ ከፍተው ይሸጣሉ፤ ዘወር ስትል ይዘጋሉ።

አእምሮዬም የሚሄድበት አልነበረውም። ዓይኔን ስከድን ልጄ ጆሮዋን ይዛ ስታለቅስ ይታየኛል። ስከፍት ሳጥኑ ቡፌው ላይ አለ። ባለቤቴ የምትለኝን እገምትና መልስ አዘጋጃለሁ፤ መልሱ ራሱ ሌላ ውሸት ሆኖ አገኘዋለሁ። እንደገና እጀምራለሁ።

ሳጥኑን ከፍቼ ስመለከት ሌላ ጣጣ መጣ። ዲስኩ እንደ ቀድሞዎቹ ዲቪዲ ሳይሆን ብሉ ሬይ ነው፤ ተራ ማጫወቻም ላፕቶፔም አያነበውም። ወጣቶች ኳስ የሚጫወቱባቸው የጌም ማሽኖች ግን ያነቡታል። በሰፈሩ አንድ ጌም ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ ሰላሳ ዓመት የሚሆነው ዝምተኛ ሰው ነው። ቤቱን ዘግቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ስለምነው «መብራት የመጣ ዕለት ና» አለኝ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት መብራት መጣ። ሳጥኑን አንስቼ ስወጣ እማማ ነጠላቸውን አደግድገው ተከተሉኝ። «የልጄ ዕቃ ብቻውን ከቤት አይወጣም» አሉ።

ጌም ቤቱ ጨለም ያለ፣ የፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የኳስ ተጫዋቾች ሥዕል ተለጥፏል። እማማ ከፊት ወንበር መርጠው ተቀመጡ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳሉ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ባለቤቱ ዲስኩን በሁለት ጣቱ ጠርዙን ይዞ አስገባ። ማሽኑ አጉረመረመ። አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ስለሆነ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሰማያዊ ገጽ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ወጣ።

«ምን አለ?» አሉ እማማ።

«በዚህ አካባቢ አይታይም አለ።»

«ማነው ያለው? ዲስኩ ነው?»

ባለቤቱ ነው ያስረዳቸው። «ዓለምን ለሦስት ከፍለውታል፣ እማማ። የጃፓን ዲስክ በጃፓን ክፍል ማሽን ነው የሚሠራው። የእኔ ማሽን ከዱባይ ነው የመጣው። እኛ ሌላ ክፍል ውስጥ ነን።»

«በምን ምክንያት ከፈሉት?»

ባለቤቱ ደጋግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። እኔ ሳቄ መጣ፤ ደስ የማይል ሳቅ። መንገድ ቢከፈት፣ ሰላም ቢሆን፣ መብራት ቢሞላ፣ ያ ዲስክ ቢቸናም ሞጣም አይከፈትም። ለዚህ ነው ልጄን ትቼ የመጣሁት።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ መነጽራቸውን አድርገው ጥራዙን ማገላበጥ ጀመሩ። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ በጃፓንኛ ነው። «ልጄ ይህን ያነባል?» አሉ። «አሁን ያነባል» አልኳቸው። ፊደሎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ቀጥለው ፎቶዎቹን እያሳዩኝ «ይቺ ማናት? ይሄስ? ንገረኝ እንጂ፤ አይተኸዋል አይደል?» አሉ።

እንዲህ ነው መተረክ የጀመርኩት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው እህል ከቀመሱ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እነግራቸዋለሁ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት የማይሞላ ነው፤ እኔ ግን የቀረኝ ነገር ጊዜ ብቻ ስለነበር አሰፋሁት። የአውቶቡሱን ድምፅ፣ የሹፌሩን ጓንት፣ ከመስኮቱ የሚፈሰውን ውሃ ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ እንደ ዳኛ ይጠይቁኛል።

«ምሳውን የት ይበላል?»

«ሲበላ አይታይም።»

«ትኬቱንስ በየቀኑ ይቆርጣል?»

«አዎ፣ በየቀኑ።»

«እንግዲያ ወንጀለኛ አይደለም። ልጅ አለው?»

«አይናገርም።»

«እሷ አልጠየቀችውማ። ሰው ካልተጠየቀ እንዴት ይናገራል?»

አንዳንድ ቀን በዚያች ሰዓት ብቻ ጭንቀቴ ይቀለኝ ነበር። ወዲያው ደግሞ ቀለል ስላለኝ ራሴን እጠላለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ የበርበሬ ነጋዴ በበቅሎ ወደ ግንደወይን እንደሚሄድ ሰማሁ። ከዚያ ወደ ሞጣ የሚሻገር ሰው እንደማያጣ ነገረኝ። ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እውነቱን ጻፍኩ፤ ከሳጥኑ ጀምሬ። አነበብኩት። ነጋዴው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀደድኩትና በሌላ ወረቀት «ስብሰባው እንዳለቀ መንገድ ተዘጋብን። ደህና ነኝ። ጆሮዋ እንዴት ሆነ? አይዞሽ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት። በቅሎዋ ከዓይኔ እስክትሰወር እያየሁ፣ ያንን ወረቀት ሮጬ ብቀማው ብዬ አሰብኩ። ግን አልሮጥኩም።

ጎረቤቶች ሲያዩኝ ራቅ ብለው «እንኳን ለአገርህ አበቃህ» ይሉኝ ጀመር። የጃፓኑ ልጅ የመጣ መስሏቸው ነው። እማማ ሲሰሙ አያርሙም። አንድ ቀን በአጠገባችን ያለፈች ዓይኗ የደከመ ጎረቤት «ልጅዎ ከሳ እኮ» ስትላቸው «መንገድ ነው ያከሳው» ብለው መለሱላት። እኔም አላረምኳትም። ሹራቡም የእሱ፣ አልጋውም የእሱ፣ አሁን ስሙንም ሊጨምሩልኝ ነው አልኩ በልቤ። እንዲህ ቀስ በቀስ ተጠቅልዬ የማልወጣበት ነገር ውስጥ እየገባሁ መሰለኝ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው፣ ማክሰኞ ይመስለኛል፣ የጌም ቤቱን ባለቤት መንገድ ላይ ያገኘሁት። ሲያየኝ ቆመ።

«አልሄድክም እንዴ?»

«በምን እሄዳለሁ?»

«ሐሙስ እስከ ደብረ ወርቅ የደረሰ የጭነት መኪና ነበር። አንድ ቦታ ለምኜልህ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይድረስ ብዬ ለእማማ ነግሬ ነበር። ስትቀር ሐሳብህን የለወጥክ መስሎኝ...» የፊቴን መለወጥ አይቶ «አልነገሩህም?» አለ።

ቤት ስደርስ እማማ ጎንበስ ብለው ሽሮ እያማሰሉ ነበር።

«ሐሙስ መኪና ነበረ?» አልኳቸው።

ማማሰላቸውን አላቆሙም። «ነበረ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ረሳሁት» አሉ። ትንሽ ቆይተው ማማሰያውን አነሱና «አልረሳሁም» አሉ።

አንዲት ሽማግሌ ሴት ላይ መጮህ የማልችል ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። ጮህኩባቸው። የያዙኝ ለምን እንደሆነ፣ እሥረኛ አድርገውኝ እንደሆነ፣ ሊባል የማይገባ ብዙ ነገር ተናገርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ዘጠኝ ዓመት ሆነው» አሉ። «በዚያ አልጋ ላይ ሰው ሲገላበጥ ሳልሰማ ዘጠኝ ዓመት። አንተ ከመጣህ ወዲህ አልጋው ሲንቋቋ እሰማለሁ። አንድ ሳምንት ይጨመርልኝ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«ታማ የተውኳት ልጅ አለችኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታማ? ይህን መቼ ነገርከኝ?»

አልነገርኳቸውም ነበር። ስለ ልጄ ስናወራ ደህና ናት እያልኩ ነው የቆየሁት፤ ታማለች ካልኩ ለምን ትተሃት መጣህ የሚለው ይከተላላ። አሁን ግን ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስብሰባ እንዳልነበረ፣ ባሕር ዳር አልሄድም እንዳልኩ፣ የመጣሁት ለሳጥኑ ብቻ እንደሆነ። ሽሮው ማረር ጀመረ። እሳቸው ድስቱን አወረዱና እጃቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ።

«አሁን ያወራኸውን ቀድመህ ብትነግረኝ እኔም አልይዝህም ነበር» አሉ። ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። የት እንደሄዱ አልነገሩኝም።

ሲመለሱ ጉዳዩ አልቆ ነበር። ወደ ደብረ ወርቅ ለለቅሶ የሚሄዱ ሰዎች አግኝተዋል፤ ከነገ ወዲያ በእግር ይነሳሉ፤ ለቀስተኛ ብዙ አይከለከልም። ልጄ ነው ብለው አስመዝግበውኛል።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ጥራዙን ይዘው መጡና ፊቴ ተቀመጡ። «በል ጨርሰው» አሉ።

የማላውቀውን ማለቂያ እንዴት እጨርሳለሁ? ግን ባዶ እጄን ልለያቸው አልፈለግኩም። ትኬት ቆራጯ ሰውዬውን የት እንደሚወርድ ትጠይቀዋለች አልኩ። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ይናገራል፤ እናቴ ቤት ይላል። አውቶቡሱ መንገዱን ለቆ በበረዶው መሃል አንዲት ትንሽ ቤት ያደርሰዋል። በሩ ይከፈታል።

እማማ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ይህን አንተ ነህ የጨመርከው።»

«አዎ።»

«ደስ እንዲለኝ።»

«አዎ።»

«አያምርብህም። ሚስትህ ፊት እንዲህ እንዳትሞክር።»

ከዚያ የጥራዙን የመጨረሻ ፎቶ ገለጡ። የአውቶቡሱ ወንበር ይታያል። ትኬት ቆራጯ ከሰውዬው ጎን ተቀምጣለች፤ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ጣታቸውን ሰውዬው ላይ አድርገው «ይሄ ሰውዬ ፈርቶ ነው የማይወርደው» አሉ። ምን ፈርቶ እንደሆነ አላብራሩም። መነጽራቸውን አውልቀው ለስንቅ የሚሆነኝን ዳቦ ለማየት ሄዱ።

ስነሳ አንድ ነገር ለመኑኝ። የባላቸው መጽሐፍ የቆዳ ማኅደር ነበረው፤ መጽሐፉ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ አብሮ ሄዷል። «የዚህን ማኅደር ተውልኝ፤ ዲስኩንና ሌላውን ውሰድ» አሉኝ። የውጭውን ሳጥን ማለታቸው ነው። ለሰብሳቢ ያለ ውጭ ሳጥኑ የቀረው ምንም አይደለም፤ ቁጥሩም ያለው እዚያ ላይ ነው። ሳላመነታ ሰጠሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አመነታሁ። ያን ሁሉ ከሆንኩ በኋላም፣ በር ላይ ቆሜ፣ ስለ አንድ ካርቶን አመነታሁ። አዩኝ። ከዚያ ነው የሰጠኋቸው። ዳንቴሉን መልሰው አለበሱት።

መንገዱ ሦስት ቀን ወሰደ። እስከ ደብረ ወርቅ ከለቀስተኞች ጋር በእግር ሄድኩ። ከዚያ ወደ ግንደወይን ከሚሄዱ ገበያተኞች ጋር ስጓዝ አንድ ኬላ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ቦርሳዬን ፈተሹ። ዲስኮቹንና የማይነበበውን ጽሑፍ ሲያዩ ለይተው ባሕር ዛፍ ሥር አስቀመጡኝ። ገበያተኞቹ ጥለውኝ ሄዱ። ፀሐዩ ከፊቴ ወደ ጀርባዬ እስኪዞር ተቀመጥኩ። በመጨረሻ አንደኛው መጣና «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«ፊልም ነው።»

«የምን ፊልም?»

«አንድ ሰውዬ ከአውቶቡስ አልወርድም ይላል።»

«ከዚያስ?»

«አላውቅም። አላየሁትም።»

ለረጅም ጊዜ ፊቴን አየና ዲስኮቹን መልሶ ቦርሳዬ ውስጥ ወረወራቸው። «ሂድ» አለኝ። ከግንደወይን ሞጣ ድረስ በሲሚንቶ መኪና ላይ ተጫንኩ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። አየችኝ። የያዘችውን አንሶላ አስጥታ ጨረሰች፤ ከዚያ «ደህና ገባህ» አለች። ያጠረኝን የጓደኛዬን ሱሪ ተመለከተች። ልጄ ሮጣ መጥታ እግሬን አቀፈች። ወደ ቤት ስንገባ በግራዋ ሆኜ ስሟን ስጠራ ግን አልዞረችም።

ባለቤቴ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። መንገዱ ለአንድ ቀን ሲከፈት ወላድ ይዞ በሚሄድ አምቡላንስ ላይ ልጅቷን ይዛ ባሕር ዳር ደርሳ ነበር። ሐኪሙ የግራ ጆሮዋ ታምቡር ተቀዶ ቆይቷል አላት። መግሉ ደርቋል። መስማቷ ግን በግራ በኩል ቀንሷል።

ልጅቷ ከተኛች በኋላ ሁለታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ልናገር ስል ቀደመችኝ።

«በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር» አለች። «ከስብሰባው የተመለሰ ሰው ካለ ልጠይቅ ብዬ። ርዕሰ መምህሩ የምን ስብሰባ አለኝ።» ተነሥታ የላክሁትን ደብዳቤ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይሄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስትጽፈው እጅህ እሺ አለህ?»

ዲስኮቹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ደብዳቤው አጠገብ አስቀመጥኩ። ከሳጥኑ እስከ ለቀስተኞቹ ሁሉንም ነገርኳት። የእማማ ምክር ትዝ ብሎኝ አንድም ነገር አላሳመርኩም። ስጨርስ አንዱን ዲስክ አንስታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«ሴት ብትሆን ይገባኝ ነበር» አለች። «አንድ ወር ሙሉ ሴት ናት ብዬ፣ ምን እንደምላት ሳሰላስል ነው የከረምኩት።» አላለቀሰችም። ዲስኩን ቀስ አድርጋ መለሰችው። ያ ጥንቃቄዋ ከምንም በላይ ጎዳኝ።

አልተለያየንም። የሻንጣዬን ቁልፍ ልሰጣት ስል «ምን ላድርግበት?» ብላ አልተቀበለችኝም። ኔትወርክ ሲመለስ እማማ ደወሉ። ልጃቸው በስልክ ሳጥኑን አይቶት፣ ባዶ እንደሆነ ሲነግሩት ስቆ ነበር አሉኝ። የልጄን ጆሮ ጠየቁ፤ እውነቱን ነገርኳቸው። የፊልሙን ማለቂያ ጓደኛዬ በአንድ መልእክት ሊጽፍልኝ ይችል ነበር። አትጻፍልኝ አልኩት።

ከአራት ወር በኋላ አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባለቤቴ ትንሿን ሻንጣ አዘጋጅታ አገኘኋት። «የጥኖራ ከተማ ልሄድ ነው፤ እህቴ ጋ» አለች። «ልጅቷን በቀኝ በኩል ሆነህ አናግራት። ጠብታው መሳቢያ ውስጥ ነው።» እህቷ ታማ ይሁን፣ ደስታ ይኑር፣ ምንም አልጨመረችም። መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብዬ ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩ፤ አልጠየቅኩም። ለአራት ቀን ስልኳ አልሠራም። እህቷ ጋ ደውዬ ማረጋገጥ እችል ነበር። ቁጥሩን አወጣሁ፣ መልሼ ዘጋሁት። ልጄ «እማዬ መቼ ትመጣለች?» ስትለኝ «አላውቅም» አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ሻንጣዋን ተቀበልኳት። ምሳ እንዳልበላች ስትነግረኝ የነበረውን አሞቅኩላት። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ስትበላ አየኋት። ፊቷ ቀላ ብሏል፤ ፀሐይ የመታው ይመስላል። የት እንደነበረች እንድጠይቃት እየጠበቀች እንደሆነ ታወቀኝ። ወይም እንዳልጠይቃት። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ውሃ ቀዳሁላት፤ ጠጥታ «በርትተሃል» አለችና ልጅቷን ፍለጋ ወደ ጎረቤት ሄደች።